አሳላፊው

የህንድ ፊልም በሚታይበት ቤት አንድ አሳላፊ አይጠፋም። አሳላፊ ማለት በድግስ ወግ ወጡን እያዞረ ለእንግዳው የሚያደርስ፣ ጠላ የጎደለበትን አይቶ የሚሞላ ትጉህ ሰው ነው፤ በፊልም ወግ ግን ቃሉ ተገልብጦ፣ ሪሞቱን ከሁሉ ቀድሞ የሚጨብጥ፣ ወንዱና ሴቷ ዛፍ ተደግፈው መተያየት ሲጀምሩ ዘፈን መምጣቱን የሚጠረጥርና ማንንም ሳያማክር ወደ ፊት የሚያስሮጥ ሰው መጠሪያ ሆኗል። የፊተኛው ገበታ ይሞላል፣ የኋለኛው ገና ያልተነካ ሳህን ከገበታ ያነሳል፤ በትጋት ግን አይተናነሱም።

የአሳላፊው ሙግት ሲጨመቅ፣ ሰው ሲያፈቅር አይዘፍንም፣ ቢዘፍንም ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ሠላሳ ሰዎች ከኋላው ተሰልፈው አይጨፍሩለትም፣ ቢጨፍሩለትም በአንድ ዘፈን ውስጥ አራት ጊዜ ልብስ አይለውጥም የሚል ነው። ሙግቱ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። የሚያስገርመው ግን ይኸው ሰው በማግስቱ ምሽት አንድ አሜሪካዊ ጥይት በማያልቅበት ሽጉጥ መንደር ሙሉ ሰው ሲረፈርፍ «ተኳሽ ማለት ይሄ ነው!» እያለ ፈንዲሻውን የሚቆረጥም መሆኑ ነው። በዕድሜው ሙሉ አንድም የተኩስ ልውውጥ ሳያይ፣ በየሠርጉና በየማኅበሩ ግን ሰው ሲደሰትም ሲከፋም ሲያንጎራጉር እየሰማ ያደገ ሰው፣ ከሁለቱ የትኛው ለኑሮው እንደሚቀርብ ቆም ብሎ አልጠየቀም።

«የህንድ ፊልም» የሚለው ሐረግ ራሱ በአማርኛ ከፊልም ስምነት አልፎ የማይታመን ነገር ሁሉ መጠሪያ ከሆነ ቆይቷል። ድንኳን ተተክሎ ሙሽራው ሲሰወር፣ ወይም ሞቷል ተብሎ ተዝካሩ የወጣለት አጎት ከዓመታት በኋላ ሻንጣውን ይዞ በር ሲያንኳኳ «የህንድ ፊልም አደረጉት እኮ» ይባላል። አባባሉ ንቀት ይምሰል እንጂ ውስጡ ኑዛዜ አለበት፤ ተናጋሪው እነዚህን ፊልሞች በሲኒማ ቤት ወይም ኋላ በየሰፈሩ በተከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዳየና ምናልባትም እንዳለቀሰ ሳይጠየቅ ይመሰክራልና።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ይገባል። ህንድ ውስጥ ፊልም በቤንጋሊ፣ በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በማላያላምና በሌሎችም ቋንቋዎች ስለሚሠራ፣ የህንድ ፊልም ሁሉ የሂንዲ ፊልም አይደለም፤ እዚህ የሚወሳው በቀድሞዋ ቦምቤይ በዛሬዋ ሙምባይ ሲሠራ የኖረው፣ ንግግሩ የሂንዲና የኡርዱ ድብልቅ የሆነው ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዘፈኑ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከፊልሙ ይቀድማል። ፓርሲዎች ማለትም ከፋርስ ፈልሰው ህንድ የሰፈሩ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ያቋቋሟቸው የቴአትር ጓዶች ድራማን፣ ዘፈንን፣ ጭፈራንና ቀልድን በአንድ መድረክ ቀላቅለው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ስለነበር፣ ተመልካቹ ያለ ዘፈን ጨዋታ አያውቅም ነበር። ፊልም አፍ ሲፈታም ከዚያው ቀጠለ። አርዴሺር ኢራኒ ያዘጋጀውና መጋቢት 14 ቀን 1931 ቦምቤይ ውስጥ በማጀስቲክ ሲኒማ የታየው «አላም አራ»፣ የህንድ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም፣ 7 ዘፈኖች ነበሩት፤ በዓመቱ የመጣው «ኢንድራ ሳብሃ» ደግሞ ወደ 70 የሚጠጉ ዘፈኖች ይዞ ቀረበ። አሳላፊው ይህን ሁለተኛውን ፊልም ቢያገኘው አውራ ጣቱ ሳትላጥ አትቀርም፣ ፊልሙም ሻይ ሳይፈላ ያልቅ ነበር። የ«አላም አራ»ን ነገር ያየን እንደሆነ ግን አንድም ቅጂ እስከ ዛሬ አልተገኘለትምና፣ እሱን ከነዘፈኑ ያሳለፈው ጊዜ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ተዋናዩ ራሱ ይዘፍን ነበር፤ ከ1935 ወዲህ ግን ፕሌይባክ የሚባለው አሠራር መጣ። ፕሌይባክ ማለት ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ በዘፋኝ ድምፅ ተቀርጾ፣ በፊልም ቀረጻው ቦታ በድምፅ ማጉያ እየተለቀቀ፣ ተዋናዩ ከንፈሩን የሚያገጣጥምበት ዘዴ ነው። በዚህ ምክንያት መልክ ያለው ድምፅ ሳይኖረው፣ ድምፅ ያለው መልክ ሳይጠየቅ፣ ሁለቱም እንጀራ በሉ።

ላታ ማንጌሽካር በ1949 በወጣው «ማሃል» በተሰኘው ፊልም ለተዋናይዋ ለማዱባላ የዘፈነችው ዘፈን በሸክላ ሲታተም፣ ሸክላው ላይ የተጻፈው ስም የዘፋኟ ሳይሆን የገጸ ባሕርይዋ፣ የካሚኒ፣ ነበር፤ ማለትም በዓለም ላይ ያልተፈጠረች ሴት ዘፋኝ ተባለች፣ በሕይወት ያለችው ቀረች። ላታ ግን በስተኋላ ተካሰች። በ1949 ለማዱባላ፣ በ1995 ደግሞ ማዱባላ ካረፈች ከአምስት ዓመት በኋላ ለተወለደችው ለካጆል እሷው ዘፈነች፤ የፊልሙ ቆንጆ በየትውልዱ ስትለዋወጥ ድምፁ ያው የአንዲት ሴት ድምፅ ሆኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲቀር፣ ከተመልካቹ መካከል ቅር ያለው አልነበረም።

ስለ ዘፈን ዋጋ ከተነሳ «ሙጋሌ አዛም» አይታለፍም። ኬ. አሲፍ ከአሥር ዓመት በላይ ለፍቶበት በ1960 ያወጣው ይህ ፊልም፣ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት አክባር ልጅ ሳሊም ከቤተ መንግሥቱ ጨፋሪ ከአናርካሊ ጋር የገባበትን ፍቅር፣ በፍቅሩም ምክንያት ከአባቱ ጋር ጦር እስከ መማዘዝ መድረሱን ይተርካል። አዘጋጁ ለቤተ መንግሥቱ ዘፋኝ ለታንሴን ድምፅ የሚሆነው የጥንታዊው ሙዚቃ ሊቅ ባዴ ጉላም አሊ ካን እንጂ ሌላ አይደለም ብሎ ቆረጠ። ሊቁ ደግሞ ለፊልም መዝፈን ክብሩን የሚነካ መስሎት፣ ሰውየው ደንግጦ ይመለስልኝ ብሎ ለአንድ ዘፈን 25,000 ሩፒ ጠየቀ፤ በጊዜው ስመ ጥር የነበሩት የፊልም ዘፋኞች ከ500 ሩፒ በታች ነበር የሚቀበሉት። አሲፍ ግን እሺ ብሎ ከፈለ። የአሳላፊው አውራ ጣት 25,000 ሩፒ የምትጨርሰው በአንድ ጫና ነው።

የዚሁ ፊልም ሌላ ዘፈን ደግሞ ከገንዘብ በላይ ነው። አናርካሊ በንጉሡ ፊት እንድትጨፍር ታዝዛ ወደ መስተዋት አዳራሹ ትገባለች፤ ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ሲሆን ይህ ትዕይንት በቀለም ነው የተቀረጸው። እሷም አንገቷን ደፍታ ማስደሰት ሲገባት፣ ያፈቀረ ሰው የሚፈራው ነገር የለም የሚል ይዘት ያለውን ዘፈን ቀና ብላ ታወርደዋለች። ንጉሡ ፊቱ እየጠቆረ ሄዶ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቢያነሳ፣ ጣሪያው በጥቃቅን መስተዋት የተለበጠ ነውና በእያንዳንዷ ስባሪ ውስጥ አንዲት አናርካሊ ትሽከረከራለች፤ ወዲያ ቢልም እሷው፣ ወዲህ ቢልም እሷው። ዙፋን ላይ ለተቀመጠ ሰው ከዚህ የበለጠ አመፅ አይታሰብም። አሳላፊው ይህችን ዘፈን የዘለለ እንደሆነ፣ ቀጥሎ የሚያየው አንዲት ጨፋሪ ያለ ጥፋቷ ስትታሰር ነው፤ «ምን አደረገች? ታሪኩ እኮ አይያያዝም» ብሎ ያማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእህል ብቻ አይደለም።

አሳላፊውን የሚያሳርፍ ፊልም የለም ማለት ግን አይደለም። የቢ. አር. ቾፕራ «ካኑን» (1960) እና የታናሽ ወንድሙ የያሽ ቾፕራ «ኢተፋቅ» (1969) ሁለቱም የግድያ ምሥጢር የሚፈታባቸው፣ አንድም ዘፈን የሌለባቸው፣ ጥሩ ጥሩ ፊልሞች ናቸው። በእነዚህ ሪሞት የያዘው እጅ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ስልክ ስለሚሄድ፣ አሳላፊው ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳያይ ፊልሙ ያልቃል።

ከዘፈን ቀጥሎ የሚነሳው አቤቱታ አክተሩ አይሞትም የሚል ነው። አክተር በኢትዮጵያ የፊልም ተመልካች ቋንቋ ማንኛውም ተዋናይ ሳይሆን ታሪኩ የሱ የሆነው፣ የሚመታው ሳይሆን የሚመታለት፣ ጥይት የሚያውቀውና የሚሸሸው ሰው ነው፤ ቪዲዮ ቤት ዘግይቶ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ሲሆን፣ ይህን ካወቀ በኋላ ልቡን አሳርፎ ይቀመጣል። ሕጉ ግን በጥሩዎቹ ፊልሞች ላይ አይሠራም። በ1975 በአንድ ዓመት በወጡት በ«ዲዋር»ም በ«ሾሌ»ም አክተሩ አሚታብ ባቻን ይሞታል፤ ያውም በ«ዲዋር» ደጃፉን አልረግጥም ሲለው በኖረው ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ በእናቱ ጭን ላይ።

በ«ሾሌ» እጆቹን በወንበዴ የተነጠቀ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን፣ ጋባር ሲንግ የተባለውን ያንን ወንበዴ እንዲይዙለት ጃይና ቪሩ የሚባሉ ሁለት ሌቦችን ይቀጥራል። ጃይ የቸገረ ነገር ሲገጥም ሳንቲም እየወረወረ ይወስናል፣ ዕጣውም ሁልጊዜ እሱ ወዳለው ይወድቃል፤ በመጨረሻ ቪሩ ጥይት እንዲያመጣ እሱ ግን ብቻውን ቀርቶ ድልድዩን እንዲይዝ የወሰነችው ይህችው ሳንቲም ነች። ከሞተ በኋላ ቪሩ ከእጁ ወስዶ ሲያገላብጣት ሁለቱም ፊቷ አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ዘፈን የለም፣ ንግግርም የለም፤ እንዲህ ያለውን ጸጥታ አሳላፊው ራሱ አይደፍረውም።

ጃይ ከመሞቱ በፊት ግን በሲኒማ ታሪክ ወደር የማይገኝለት ሽማግሌ ሆኖ ነበር። ቪሩ ምላሷ የማያርፈውን ጋሪ ነጂ ባሳንቲን ሊያገባ ፈልጎ ጃይን ወደ አክስቷ ይልከዋል፤ እሱም ጎንበስ ብሎ በትሕትና፣ ጓደኛው እጅግ ደግ ልጅ እንደሆነ፣ ቁማር የሚጫወተው ሁልጊዜ እንዳልሆነ፣ ቢጫወትም መጠጥ ቀምሶ እንደሆነ፣ የሚጠጣውም ጨፋሪ ቤት ሲሄድ እንደሆነ በየተራ ያስረዳና፣ የዘሩን ነገር በተመለከተ እንደታወቀ እንደሚያሳውቃቸው ቃል ይገባል። ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ያደገ ተመልካች ይህን ትዕይንት ለማጣጣም ሂንዲ ማወቅ አያስፈልገውም። ፊልሙ ቦምቤይ ውስጥ በሚኔርቫ ሲኒማ ከአምስት ዓመት ያላነሰ ሲታይ ኖረ፤ የወንበዴው የጋባር ንግግር ብቻውን በሸክላ ታትሞ ስለተሸጠ፣ ሕፃናት ከመዝሙር ቀድመው የሽፍታ ፉከራ አጠኑ።

መንግሥትም በፈንታው አሳላፊ ነበረበት። በመጀመሪያው ቅጂ እጅ የሌለው መኮንን ጋባርን በጫማው ረግጦ ይገድለው ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስለነበር ግን፣ ሳንሱር የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእግሩ ሲፈጽም ማሳየት አይገባም ብሎ መጨረሻውን አስለወጠ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ፖሊሶችም ልክ በሰዓቱ ደረሱ። ፖሊስ በሰዓቱ የደረሰበት ፊልም መሆኑን አይቶ የህንድ ፊልም ነው ያለ ተመልካች ቢኖር አይፈረድበትም።

አክተሩ አይሞትም የሚለው ሕግ በአዋጅ የጸናው በ«ኩሊ» ነው። ኩሊ ማለት በአማርኛም እንደሚታወቀው ሸክም ተሸክሞ የሚያድር ሰው ነው። አሚታብ ባቻን ሐምሌ 26 ቀን 1982 ባንጋሎር ውስጥ የድብድብ ትዕይንት ሲቀረጽ ሆዱ ላይ ክፉኛ ተጎድቶ ከሞት አፋፍ ደረሰ፤ አገሩ በየመቅደሱና በየመስጊዱ ጸለየለት፣ ሰውየውም ተነሳ። አዘጋጁ ማንሞሃን ዴሳይ በጽሑፉ ላይ አክተሩን ለሞት አጭቶት ነበር፤ ይሁንና ሚሊዮኖች በጸሎት ያስመለሱትን ሰው በፊልም ልግደል ማለት የማይሆን መሆኑን አይቶ፣ ኩሊው እንዲተርፍ አደረገ። ፊልሙ በ1983 ሲታይም፣ ያቺ ክፉ ምት የምታርፍበት ቦታ ላይ ምስሉ ድርቅ ብሎ ይቆምና ተዋናዩ የተጎዳው እዚህ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። አሳላፊ በማስሮጥ በሚታወቅበት ዓለም አንድ ፊልም ራሱን በራሱ ያቆመው ምናልባት ያኔ ነው።

የሂንዲ ፊልም ሌላው ምሰሶ እናት ነች። የመሕቡብ ካን «ማዘር ኢንዲያ» (1957) ላይ ራዳ የምትባል የገበሬ ሚስት፣ ባሏ እጆቹን በድንጋይ ተጨፍልቆ ካጣ በኋላ አፍሮ ጥሏት ሲጠፋ፣ ከአራጣ አበዳሪው ከሱኪላላ ዕዳና ከክፉ ምኞቱ ጋር እየታገለች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዱ ጨዋ፣ አንዱ እሳት ሆነው ያድጋሉ። እሳቱ፣ ቢርጁ፣ ሸፍቶ ይመጣና አበዳሪውን ገድሎ ልጁን ከሠርጓ ድንኳን ነጥቆ በፈረስ ሲጋልብ፣ እናት ጠመንጃ አንስታ የመንደሯን ሴት ክብር ከልጇ ሕይወት ታስቀድማለች። ተኩሳ ስታበቃ ሮጣ ሄዳ የምታቅፈውም እሷው ነች። ፊልሙ ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የህንድ ፊልም ሆነ።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ግን ከፊልሙ ይብሳል። እናቲቱን የተጫወተችው ናርጊስ ሰኔ 1 ቀን 1929፣ ልጇን የተጫወተው ሱኒል ዱት ሰኔ 6 ቀን 1929 የተወለዱ በመሆናቸው፣ እናት ልጇን የምትበልጠው በ5 ቀን ብቻ ነበር። በቀረጻው ላይ የተለኮሰው እሳት ከቁጥጥር ወጥቶ ናርጊስን ሲከባት «ልጇ» ዘልሎ ገብቶ አወጣት፤ እሱ ተቃጥሎ ሲታመም አስታመመችው፣ በ1958ም ተጋቡ። ይህን ታሪክ አንድ ደራሲ ጽፎ ቢያመጣ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው የህንድ ፊልም አደረግኸው ብለው የሚመልሱት ይመስላል።

ለእንባ ያልተዘጋጀ ሰው በቢማል ሮይ «ዶ ቢጋ ዛሚን» (1953) ባይጀምር ይሻላል፤ ሁለት ቢጋ ማለትም አንዲት ቁራጭ መሬቱን ከዕዳ ሊያድን ካልካታ ወርዶ ሰው የተቀመጠበትን ሪክሾ በእግሩ እየሮጠ የሚጎትት ገበሬ ታሪክ ነው። የጉሩ ዱት «ፕያሳ» (1957) ከአዲስ አበባው ፒያሳ ጋር ዝምድና የለውም፤ ትርጉሙ የተጠማ ማለት ነው። ግጥሙን አሳታሚ የናቀበት፣ ወንድሞቹ ወረቀቱን ከቆሻሻ ጋር የሸጡበት ገጣሚ ሞቷል ሲባል ይወደዳል፤ በመታሰቢያው ስብሰባ ላይ ያ ሁሉ አልቃሽ ተሰብስቦ ሳለ ሟቹ ራሱ ከበሩ ላይ ሁለት እጁን መቃኑ ላይ ዘርግቶ ይቆማል። በዚያች ሰዓት የሚያሰማውን የምሬት ዘፈን የሚያሳልፍ ሰው፣ ከአሳታሚው የሚለየው በምን እንደሆነ ለመናገር ይቸግራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሳላፊው አንድ ያልተነካ ሙግት ይቀረዋል፤ የጠፋ ወንድም ሁልጊዜ ለምን ይገኛል የሚል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ የሚለውን ተረት እንደ ማንሞሃን ዴሳይ በቁሙ የወሰደው ሰው የለም። በ«አማር አክባር አንቶኒ» (1977) በልጅነታቸው ተለያይተው አንዱ በሂንዱ፣ አንዱ በሙስሊም፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ ያደጉ ሦስት ወንድማማቾች፣ ማንነቷን ሳያውቁ ለአንዲት ማየት ለተሳናት ሴት በአንድ ጊዜ ደም ይሰጣሉ። ጎን ለጎን ተኝተው ደማቸው በሦስት ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ይቀላቀልና ቁልቁል ወደ ሴትየዋ ይወርዳል፤ ሴትየዋ እናታቸው ነች። ሐኪም ቢያየው ራሱን ይይዛል፣ ነርሷም ቁልቁል እንጂ ሽቅብ የሚፈስ ደም አታውቅም፤ የሴትየዋ ስም ባራቲ ህንድን እንደሚያመለክት የሚያውቅ ህንዳዊ ግን ምን እያየ እንደሆነ ገብቶታል።

የናሲር ሁሴን «ያዶን ኪ ባራት» (1973) ደግሞ፣ ርእሱ የትዝታ ሠርገኞች እንደማለት ነው፣ ወላጆቻቸው በተገደሉበት ሌሊት የተበታተኑ ሦስት ወንድማማቾችን ያሳየናል። ፎቶግራፍ የላቸውም፣ ጠባሳ የላቸውም፤ እናታቸው ያስጠናቻቸው አንድ ዘፈን ብቻ አላቸው። ትንሹ አድጎ የሆቴል ዘፋኝ ስለሆነ፣ ወንድሞቹ አንድ ቀን ይሰሙት እንደሆነ ብሎ ያንኑ ዘፈን እየደጋገመ ይዘፍናል። አንድ ምሽት ከእንግዶቹ መካከል አንድ ወጣት ቀስ ብሎ ይነሳና የቀጣዩን ስንኝ ይቀበለዋል። ትልቅየው፣ ዳርሜንድራ የሚጫወተው፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ባለበት ሕይወት ምክንያት ራሱን ሳይገልጥ፣ የሚያውቀውን ዘፈን አፉን ዘግቶ ይሰማል።

አሳላፊው ጊታሩ ሲነሳ ጀምሮ ጣቱን አዘጋጅቷል። ይጫናል፤ ዘፋኙ ከንፈሩ እንደ ጥንቸል ይንቀጠቀጣል፣ እንግዶቹ እንደ አሻንጉሊት ያጨበጭባሉ። ሲለቀው ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ተናንቀዋል፣ ሦስተኛው ከጥግ ሆኖ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» ይላል አሳላፊው። ከቤቱ ሰው የሚመልስለት የለም፤ ጥግ የተቀመጡት አሮጊት ብቻ ሪሞቱን እንዲያቀብላቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ።